ሶሌክስ፦ ሞተሩ ፊት ጎማ ላይ መቀመጡ ስህተት ነው የምትሉ፣ እስቲ እንነጋገር (26 መልስ)

ስለ ሶሌክስ፣ ሞተር ስለተገጠመላት የፈረንሳይ ብስክሌት፣ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። መልሱ አሁን 26 ደርሷል። መሃል ላይ ስለ ጋራዥ ቃላት፣ ስለ እንጦጦ ዳገት፣ ስለ አዲስ አበባ ሞተረኞች ብዙ ተወራ። ዛሬ የሚገባ ሰው ወሬው ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ከላይ ጀምሬ ማን ምን እንዳለ በራሴ አባባል ልንገራችሁ። ስም አልጠራም፣ በመልሱ ቁጥር ብቻ እሄዳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ እኔ የጻፍኩት ይህ ነበር። ሊዮን አካባቢ ካለች አንዲት የገጠር መንደር ሞዴል 3800 የሆነች ጥቁር ቬሎሶሌክስ ገዛሁ። ከጎተራ ውስጥ፣ ከድንች ጆንያ ጀርባ ነው የወጣችው። ለማያውቃት ሰው፣ ሶሌክስ ብስክሌት ናት፤ ከመሪው ፊት፣ ከጎማው አናት ላይ 49 ሲሲ ሞተር ተቀምጦባታል። ከሞተሩ ወደ ጎማው የሚሄድ ካቴና የለም። ቀበቶ የለም። ማርሽም የለም። እንደ ሞረድ የሻከረች አንዲት ትንሽ ሮለር አለች፤ ጎማው ላይ ተጭና ትዞራለች፣ ጎማውን ታዞረዋለች። በቃ ይኸው ነው። ሞተሩን ካልፈለግህ ጫፉ ላይ ጥቁር ድቡልቡል ያለበትን ዘንግ ወደ ራስህ ትስባለህ። ሞተሩ እንዳለ ዘንበል ብሎ ከጎማው ይላቀቃል። ከዚያ በኋላ በእግርህ እየመታህ የምትሄድባት ተራ ብስክሌት ናት።

ሰው ሁሉ ያያትና ሞተሩ ቦታውን የሳተ ይመስለዋል። እኔ ግን የአሠራሯ ጥበብ በሙሉ እዚያ ላይ ነው አልኩ። ከ1946 እስከ 1988 ድረስ ፈረንሳይ ውስጥ ስትሠራ ሞተሯ ከዚያ ቦታ አልተነቃነቀም። ከ7 ሚሊዮን በላይ ተሸጣለች። ስህተት 40 ዓመት እንዲህ አይገዛም ብዬ ጨረስኩ። ከታች ደግሞ በአንድ መስመር፣ የኔዋ አልነሳም ብላኛለች፣ የምታውቁ እርዱኝ አልኩ። ያቺን መስመር ለረጅም ጊዜ ያያት ሰው አልነበረም።

1ኛው መልስ እንኳን ደስ አለህ ብሎ ፎቶ ጠየቀ። ፎቶ ለጠፍኩ።

2ኛው ግን በቀጥታ ገባ። ሰውየው ጀርመን አገር በመካኒክነት የሚሠራ ነው፤ ሙያው አጻጻፉ ላይ ይታያል። ሞተር መሪው ላይ ሲጫን መሪው ይከብዳል፣ ክብደቱም ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ብስክሌቷ ስትታጠፍ ትወድቅብሃለች አለ። ሮለሯ ጎማ ትበላለች፤ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ትንሸራተታለች። ለማወዳደር ያመጣው የጀርመኖቹን ሞፔድ (ፔዳል ያላት ትንሽ ሞተር ሳይክል)፣ ኤንኤስዩ ክዊክሊን ነው። እሷ በ1953 ነው የወጣችው። ሞተሯ ከፔዳሉ አጠገብ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ የኋላ ጎማን በካቴና ይነዳል። ሁለት ማርሽ አላት፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይም ተሠርታለች። ሰው እንዲህ ያለ ነገር መሥራት እየቻለ ሞተር ፊት ላይ መስቀል ምን ይሉታል ነው ያለው። በጨዋ ቋንቋ ነበር የጻፈው፤ ያኔ ገና መጀመሪያው ነው።

3ኛው መልስ የመጣው በዕድሜ ከሁላችንም ከሚበልጡ አባት ነው። ስም ስለማልጠራ ጋሼ ልበላቸው። በ60ዎቹ መጨረሻ ለትምህርት ሞንፔልዬ መጥተው ያገለገለች ሶሌክስ ገዝተው ነበር። መጀመሪያ እኔን አረሙኝ። 3800 የወጣችው በ1964 ነው ብዬ ነበር። በ1964 የወጣችው 3300 ናት፣ 3800 በ1966 ነው የተከተለችው አሉ። ሄጄ አጣራሁ፣ ልክ ናቸው። የላይኛውን ጽሑፍ አስተካክያለሁ።

ከዚያ የራሳቸውን ተረኩ። ይሄ መልስ ለኔ ከክሩ ሁሉ ይበልጥብኛል። ነዳጁ ሶሌክሲን ይባል ነበር፤ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ በቆርቆሮ የሚሸጥ ነው። ጋዝ መስጫ የሚባል ነገር አልነበራትም። ሞተሩ ሁልጊዜ ሙሉ ጋዝ ላይ ነው፣ በጣትህ የምትነካት ማንሻ ጋዙን ትቀንስልሃለች እንጂ አትጨምርልህም። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ መጀመሪያ ጥቂት ሜትር በፔዳል ይመታሉ። ከዚያ ዘንጉን ወደፊት ገፍተው ሞተሩን ጎማው ላይ ያወርዱታል። አንድ ሁለቴ ያስነጥስና ይነሳል። በመጸው የዛፍ ቅጠል መንገዱ ላይ ረግፎ ሲረጥብ ግን ሮለሯ እያፏጨች በባዶ ትዞራለች፣ ብስክሌቷ ንቅንቅ አትልም። ያን ጊዜ ዘንጉን ስበው በእግራቸው ነው የሚሄዱት። ጋሼ ይህንን እንደ ጉድለት አልቆጠሩትም። ሌላው ሞፔድ ሲበላሽ ተገፍቶ ነው ቤት የሚገባው፣ የሳቸዋ ግን ብስክሌት ሆና ታስገባቸዋለች። ነጥባቸው ይህ ነበር።

4ኛዋ መልስ ሰጪ ሆላንድ የምትኖር እህታችን ናት። እኔ ያላሰብኩትን ነው ያመጣችው። ሶሌክስ ሄግ ከተማ ውስጥም በፈቃድ ትመረት ነበር። ሆላንድ ውስጥ ሴት መነኮሳት ሳይቀሩ ይነዷት እንደነበር ጻፈች። ምክንያቱ ቀሚስ ነው። አካሏ ዝቅ ያለ ስለሆነ እግር ሳያነሱ ይወጡባታል። ሞተሩ ደግሞ ከፊት ርቆ ስለተቀመጠ ዘይት ልብስ አይነካም፣ ትኩስ ማርሚታም (የጭስ ማውጫው) ከእግር አጠገብ የለም። ክዊክሊም ሆነች ሌሎቹ ሞተራቸው እግር ስር ነው። 2ኛው ይህን ነገር ያላየው ቀሚስ ለብሶ ነድቶ ስለማያውቅ ነው አለችው።

5ኛው የኔ መልስ ነው፣ ረዘም ያለ። ተለዋወጠ የሚባለው ነገር የቱ እንደሆነ በቅደም ተከተል ጻፍኩ። የሶሌክስ ኩባንያ ሥራው ካርቡሬተር፣ ማለት ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው የሞተር ዕቃ፣ ነበር። ሞሪስ ጉዳር እና ማርሴል ሜኔሶን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው የመሠረቱት። የቮልስዋገን ቢትል ካርቡሬተርም ሶሌክስ ነው። የመጀመሪያውን ሙከራ በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1941፣ ተራ ብስክሌት ላይ ሞተር ገጥመው ሠሩ። ለገበያ የወጣችው በ1946 ነው፣ ያኔ 45 ሲሲ ነበረች። በ1953 330 የምትባለዋ 49 ሲሲ ሆና መጣች። ከዚያ 660፣ 1010፣ 1400 እያሉ በየዓመቱ በየሁለት ዓመቱ ትንሽ ትንሽ ነካኩ። ትልቁ ለውጥ በ1959 የመጣው ነው። 1700 ላይ ራሱ የሚይዝና ራሱ የሚለቅ ፍሪሲዮን፣ ማለት ሞተሩን ከሮለሯ የሚያገናኝና የሚለያይ ዕቃ፣ ገባ። ከዚያ በፊት መብራት ላይ ስትቆም ወይ ሞተሩን ታጠፋለህ ወይ በዘንጉ ከጎማው ታነሳዋለህ። ከ1700 ወዲህ ቆመህም ሞተሩ ይሠራል። በ1961 2200 ተከተለች። በ1964 3300 ስትመጣ እንደ ዝይ አንገት ጎበጥ ያለው ክብ ቱቦ ቀረና አካሉ አራት ማዕዘን ሆነ። 3800 ደግሞ ከጥቁር ሌላ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ይዛ መጣች። ድፍን ጥቁር ለብሳ የኖረች ሴትዮ በበዓል ቀን ቀይ ነጠላ ያደረገች ያህል ነው የሚታየኝ።

ይህን ሁሉ ቆጥሬ አንድ ነገር አስምሩልኝ አልኩ። አካሉ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ቀለሙ፣ የጎማው መጠን ሁሉ ተለውጧል። ሞተሩ ያለበት ቦታና ሮለሯ ግን አልተነኩም።

6ኛው፣ መካኒኩ ተመልሶ ሲመጣ ቃናው ተለውጦ ነበር። ያልተለወጠ ነገር ሁሉ ጥበብ ነው ማለት ስንፍናን ማመስገን ነው አለ። ማስረጃም ይዞ መጣ። በ1970 አካባቢ ራሱ ኩባንያው ፍላሽ የምትባል አውጥቶ ነበር። ሞተሩን ከፊት ጎማ አንስታ፣ ሮለሯን ትታ በሚሽከረከር ዘንግ የምትነዳ፣ ዲስክ ፍሬን ያላት ናት። ፊት ጎማው ላይ መሆኑ ልክ ከነበረ ለምን ተዉት ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አልክድም።

የመለሰለት 7ኛው ነው። ፍላሽ አልተወደደችም፣ ሰው ዞሮ 3800ዋን ነው የገዛው አለ። በ1971 የወጣችው 5000ም በትንንሽ ጎማዋ ወጣቱን ልትስብ ሞክራ ነበር፣ 3800 ግን ኋላ ድረስ ከገበያ አልወጣችም። ኩባንያው መሸሽ ፈለገ፣ ገዢው ነው እምቢ ያለው። ለኔ ይህ መልስ ይበቃኝ ነበር።

8ኛው ክሩን ወደ ሌላ መንገድ ወሰደው። የቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ዋጋዱጉ ላይ ለጥቂት ዓመት የሠራ ሰው ነው። የፈረንሳይ ሞፔድ ካላችሁ ስለ ሞቢሌት ሳትናገሩ እንዴት ታልፋላችሁ አለ። እውነቱን ነው። ሞቶቤካን የሚባለው ኩባንያ ሞቢሌትን ያወጣት በ1949 ነው፤ እስከ 1997 ድረስ 14 ሚሊዮን ያህል ተሠርታለች። ሞተሯ ከፔዳሉ ፊት ለፊት ተንጠልጥሎ የኋላ ጎማን ይነዳል። ዋጋዱጉ ውስጥ ጎህ ሲቀድ መንገዱ በሞተር እንደሚሞላ፣ ሁለት ልጅና አንድ ፍየል በአንዲት ሞቢሌት እንዳየ፣ በየጥጉ በቆርቆሮ ጥላ ስር ካንዴላ የሚያጸዳ ልጅ እንደማይጠፋ ጻፈ። አፈር መንገድ ላይ ሶሌክስ አትሆንም፤ ሮለሯና ጎማው መሃል አሸዋ ከገባ አለቀ አለ። ይህንንም ተቀብያለሁ። ሶሌክስ የአስፋልት ልጅ ናት።

ካንዴላ የሚለው ቃል ነው ከ9 እስከ 12 ያለውን ያመጣው። አንዱ ቃሉ ጣሊያንኛ መሆኑን አስታወሰ። ከዚያ በቃ ሁሉም የሚያውቀውን መደርደር ጀመረ፤ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ካቴና፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካላማዳሪያ። 11ኛው አባቱ ጋራዥ ውስጥ የአደገ ልጅ ነው። ፈረንሳይ መጥቶ ጋራዥ ሲቀጠር አለቃው በፈረንሳይኛ የሚጠራውን ዕቃ እሱ በአባቱ ቋንቋ እያሰበ ነበር የሚያቀብለው። ክሩ ከርዕሱ ወጣ ብሎ የተቆጣ ነበር። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት።

13ኛው ይቺ ነገር ከአራት ኪሎ ተነስታ እንጦጦ ትወጣለች ወይ ብሎ ጠየቀ። 14ኛው ቁጭ ብሎ አሰላው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ከፍታ አካባቢ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ነው፤ አየሩ ሩብ ከቀነሰ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል። ሶሌክስ ደግሞ እዚህ ፈረንሳይ ውስጥ እንኳ አንድ ሙሉ የፈረስ ጉልበት የላትም፣ በሜዳ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ነው። መልሱ አትወጣም ነው። ፔዳል እየመታህ ካገዝካት ምናልባት እስከ ስድስት ኪሎ። 15ኛው በዚህ ላይ ወደ ታች ሲወርዱስ ፍሬኗ ይችላል ወይ ብሎ ጨመረ፤ እሱም ተገቢ ስጋት ነው።

ከዚያ ነገሩ ከረረ። 16ኛው አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር የሚባል ነገር ባይኖር ይሻላል አለ። በ2019 ፈቃድ የሌለው ሞተር ሳይክል ከተማ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ የተከለከለበትን አስታውሶ ደግ አደረጉ አለ፤ በሞተር ተቀምጠው ቦርሳ የሚነጥቁ ሰዎች እህቱን መሬት ለመሬት ጎትተዋት ነበር። 17ኛው ወንድሙ በሞተር ዕቃ እያደረሰ ቤተሰብ ያስተዳድር የነበረ ነው፤ በዚያ ሳምንት እንጀራው ተቋረጠ። አውሮፓ ቁጭ ብለህ በሰው እንጀራ አትፍረድ ብሎ ጻፈበት። ሌላም ቃል ነበረው፣ እዚህ አልደግመውም። ሁለቱም የቆሰሉ ሰዎች ናቸው። 18ኛው መልስ የጋሼ ነው፤ ሁለቱንም ልጆቼ ብለው ጠርተው፣ የእህትህም ጉዳት የወንድምህም ረሃብ እውነት ነው፣ አንዱ ሌላውን አያስተባብልም ብለው አበረዷቸው። ሁለቱም ከዚያ በኋላ አልጻፉም። ቢመለሱ ደስ ይለኛል።

19ኛው ላይ እኔ ገባሁና ወደ ጉዳያችን እንመለስ አልኩ። ሶሌክሴ አሁንም አልተነሳችም ነበር። ካንዴላ ቀይሬያለሁ፣ እሳት ይሰጣል። ታንኩን አጥቤያለሁ፣ አዲስ ቤንዚን ከዘይት ጋር ቀላቅያለሁ። ስገፋት ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አያስነጥስም። ከዚያ በፊት አንድ ጋራዥ ወስጃት ነበር፤ ለሁለት ሳምንት አስቀምጠው ካርቡሬተሩ ሞቷል፣ ሌላ ግዛ ብለው መልሰውልኛል።

20ኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሲከራከረኝ የቆየው መካኒክ ነው። ካርቡሬተር እንዳትገዛ፣ ፓምፑን ፍታው አለኝ። ከዚያ በትዕግሥት አስረዳኝ። ሶሌክስ ላይ ታንኩ ከካርቡሬተሩ ዝቅ ብሎ ነው ያለው፣ ክቧ ታንክ ከጎማው ጎን ናት። ቤንዚን ራሱ ወደ ላይ አይፈስም። ስለዚህ ትንሽ ፓምፕ አለ፣ ውስጡ ስስ ሽፋን አለ። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ የሞተሩ ሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ያንን ሽፋን ይገፋዋል፣ ይስበዋል። ቤንዚኑ በዚህ ይወጣል። የተረፈው ደግሞ በሌላ ቱቦ ተመልሶ ታንክ ይገባል። ካርቡሬተሩ ውስጥ እንደሌሎቹ ተንሳፋፊ የለም፣ ልኩን የሚጠብቀው ያ የሚመለሰው ቤንዚን ነው። ለዓመታት የቆመች ሶሌክስ ላይ መጀመሪያ የሚሞተው ሽፋኑ ነው አለ። የመመለሻውን ቱቦ ንቀልና እየገፋሃት ተመልከት፣ ቤንዚን ካልመጣ አገኘኸው ማለት ነው።

በዚያው ማታ ፈታሁት። ሦስት ብሎን ነው። ሽፋኗ ከትልቅ ሳንቲም ብዙም አትበልጥም። በጣቴ ሳነሳት እንደ ድርቆሽ ተሰበረች። አዲሱን በጥቂት ዩሮ አዘዝኩ፣ በአራተኛው ቀን መጣ። 21ኛው መልስ ይህንኑ የነገርኩበት ነው። 22ኛዋ ሆላንዳዊቷ እህታችን ናት፣ ቪዲዮ ካልለጠፍክ አላምንም አለች።

23ኛው ኤሌክትሪኩን አመጣ። የሶሌክስን ስም የገዙ ሰዎች የጣሊያኑ የመኪና ንድፍ ቤት ፒኒንፋሪና ንድፉን የሠራላትን ኤሌክትሪክ ሶሌክስ አውጥተዋል፤ አገር ቤትም ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፣ ስለዚህ የወደፊቱ ይሄ ነው አለ። 24ኛው ደግሞ ባትሪ የገጠመ ሁሉ ሶሌክስ ከተባለማ ብሎ አልተቀበለውም። እኔም ከ24ኛው ጋር ነኝ። ሞተሩ ጎማውን በሮለር ካልነካ ሶሌክስ አልላትም፤ ሌላ ጥሩ ብስክሌት ልትሆን ትችላለች።

25ኛው የኔ ነው፣ ቪዲዮውም እዚያ አለ። ቅዳሜ ጠዋት፣ መንደራችን ውስጥ። አምስት ሜትር በፔዳል መታሁ፣ ዘንጉን ለቀቅኩት። ሮለሯ ጎማውን ስትነካ መሪው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ሁለቴ አስነጠሰች፣ ነጭ ጭስ ለቀቀች፣ ተነሳች። ድምፅዋ የእናቴን የስፌት መኪና ነው ያስታወሰኝ። ዳቦ ቤት ድረስ ሦስት ኪሎ ሜትር ሄድኩ። ደጁ ላይ ቆሜ ፍሪሲዮኑ ሲለቅና ሞተሩ ብቻውን ሲሠራ አዳመጥኩ። አንድ ሽማግሌ ከዳቦ ቤቱ ወጥተው ቆመው አዩኝ፣ ከዚያ እጃቸውን ሞተሩ ክዳን ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩ። ምንም አላሉኝም። ስመለስ ካፊያ ጀመረ። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለችው ዳገት ላይ ጋሼ እንዳሉት ሮለሯ አፏጨች። ዘንጉን ሳብኩና በእግሬ ጨረስኩት።

26ኛው፣ የመጨረሻው፣ የመካኒኩ ነው። እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ አለኝ። ቪዲዮውን አቁሞ የፊት ጎማዬን አይቷል፤ መሃሉ ላይ ጥርሱ አልቆ የጎማው የውስጥ ክር ሊወጣ ነው፣ ሮለር የሚበላው እንዲህ ነው፣ በዚህ ጎማ ሁለተኛ እንዳትወጣ አለኝ። ወጥቼ በጣቴ ዳሰስኩት። ልክ ነው። ከኋላው ጋር ሳወዳድረው የኋላው እንደ አዲስ ነው፣ የፊቱ ግን ልሙጥ ሆኗል። ሞተሩ ያለበት ቦታ ላይ ያለኝ ሐሳብ አልተለወጠም። የጎማው ነገር ላይ ግን እሱ ነው ልክ። ለ3800 የሚሆን የፊት ጎማ፣ ሮለር የሚችል ወፈር ያለ፣ ሊዮን ወይም ግሬኖብል አካባቢ የሚሸጥበት የምታውቁ ካላችሁ 27ኛው ላይ ጻፉልኝ።